«ዲስክ ነው» ከተባልኩ በኋላ

ባለፈው ማክሰኞ ማታ አንድ የድሮ ተማሪዬ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። የወገቡ ኤምአርአይ ነው። ከሥሩ «ቲቸር፣ ዲስክህ አልቋል አሉኝ። ካልተሠራልህ ሽባ ትሆናለህ ተባልኩ። መኪናዬን ልሽጣት?» ብሎ ጽፏል። ልጁ የጂቡቲ መንገድ ሹፌር ነው። መኪናዋን በዕቁብና በብድር ነው የገዛት፣ የሦስት ልጆች እንጀራ እሷ ላይ ነው ያለው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ታሪክ ሳስተምር ነው የኖርኩት። ነገር ሲጨንቀኝ የማውቀው መንገድ አንድ ነው፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ነገሩ ከየት እንደመጣ ማየት። ስለ ወገብ ህመም ይህን ያደረግኩት ከዓመታት በፊት ለራሴ ብዬ ነበር። አሁን ለእሱ ስመልስ ለሌሎቻችሁም ይሁን ብዬ እዚህ ጻፍኩት። ሐኪም የሆነች ሌላ ተማሪዬ አንብባ ሁለት ቦታ አርማኛለች (ድሮ እኔ ነበርኩ በቀይ እስክሪብቶ የማርማት፣ ተራዋ ደረሰ)። ከራሴ ሕይወት ውጭ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የራሴን ልናገር። በእኛ 2002 ዓ.ም. ክፍል ውስጥ የወደቀ ጠመኔ ላነሳ ጎንበስ እንዳልኩ እዚያው ቀረሁ። ሁለት ተማሪዎች ደግፈው አወጡኝ። አንድ የግል ሆስፒታል ሄድኩ፤ ራጅ ተነሳሁ፣ ከዚያ ኤምአርአይ ታዘዘልኝ፣ የሁለት ወር ደሞዜን ከፈልኩ። ሐኪሙ ሸሚዜን እንኳ ሳያስወልቀኝ ወረቀቱን አነበበ። «የታችኞቹ ሁለት ዲስኮችህ ደርቀዋል፣ ወደ ውጭም ወጥተዋል። ከእንግዲህ ዕቃ አታንሳ፣ አትጎንበስ፣ አትስገድ።» የዲክሎፌናክ መርፌ ተወጋሁ፣ ኪኒን ተሰጠኝ። በወሩ ህመሙ ለቀቀኝ። ለመርፌው ስንት ምርቃት እንዳወረድኩለት!

ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም። ስድስት ዓመት ሙሉ አልሰገድኩም። የልጄን ልጅ አንስቼ አላቀፍኩም። ታላቅ ወንድሜ ሲሞት ሬሳ ሳጥኑን የተሸከሙት ጎረቤቶች ናቸው። እኔ «ዲስክ አለብኝ» ብዬ እጄን አጣጥፌ ከኋላ ሄድኩ። ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል። ወገቤን ቆርጠም ባደረገኝ ቁጥር ደግሞ ዲክሎፌናክ እውጥ ነበር፣ አንዳንዴ በባዶ ሆድ፣ በጾም። አንድ ቀን ሰገራዬ እንደ ሬንጅ ጠቆረ፣ ሽንት ቤት ውስጥ ወደቅኩ። ጨጓራዬ ደምቶ ኖሯል። ደም ተሰጥቶኝ ነው የተረፍኩት። ሆስፒታል ተኝቼ «ይህ መድኃኒትና ይህ ፎቶ ለመሆኑ ምን ጠቀመኝ?» ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

እነሆ ያገኘሁት።

በ1862 ኤድዊን ስሚዝ የሚባል አሜሪካዊ ግብፅ ሉክሶር ውስጥ አንድ የፓፒረስ ጥቅል ገዛ። በ1930 ጀምስ ሄንሪ ብሬስተድ ተርጉሞ ሲያሳትመው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ገደማ የተገለበጠ፣ ከዚያም በፊት የተደረሰ የቀዶ ጥገና መጽሐፍ ሆኖ ተገኘ። 48 በሽተኞችን ከራስ ቅል ጀምሮ ወደ ታች እያለ ይዘረዝራል። የመጨረሻው፣ 48ኛው፣ የጀርባ አጥንቱ ላይ ወለምታ የደረሰበት ሰው ነው። ሐኪሙ «እግሮችህን ዘርጋ፣ መልሰህም እጠፍ» ይበለው ይላል። ሲዘረጋ ስለሚያመው ወዲያው ያጥፈዋል። ዛሬም ጎበዝ ሐኪም በሽተኛውን አስተኝቶ እግሩን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ያነሳል፤ የዚያው ዘመድ ነው። ቀጥሎ ፍርዱ ይመጣል፦ የማክመው ህመም ነው። ሕክምናውስ? በጀርባው አስተኛው ይልና ዓረፍተ ነገሩ እመሃል ላይ ይቋረጣል። ጸሐፊው ለምን እንዳቆመ የሚያውቅ የለም። ክፍል ውስጥ ብነግራችሁ ኖሮ እዚህ ጋ ዝም ብዬ ፊታችሁን አይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን የወገብ ህመም ማለት ቁርጥማት ነው፣ ብርድ ነው። እኛም ቤት ብርድ ነው፣ ምች ነው እንላለን፤ ይታሻል፣ ዋግምት ይደረጋል፣ ወጌሻ ይጠራል። ሰውየው ያማርራል፣ ይሻለዋል፣ እርሻው ይመለሳል። በእንግሊዝ አገር ይህን የቀየረው ባቡር ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? የባቡር አደጋ ሲበዛና ተጎጂዎች ካሳ መጠየቅ ሲጀምሩ፣ ምንም ቁስል የማይታይባቸው ግን ጀርባችንን የሚሉ ሰዎች ፍርድ ቤቱን ሞሉት። በ1866 የለንደኑ የቀዶ ጥገና ሐኪም ጆን ኤሪክ ኤሪክሰን ስለ ጉዳዩ መጽሐፍ አወጣ፤ መንገጫገጩ ኅብለ ሰረሰርን ይጎዳል አለ። ሕዝቡ «የባቡር ጀርባ» አለው። በ1883 ለአንድ የባቡር ኩባንያ ይሠራ የነበረው ኸርበርት ፔጅ ደግሞ ሌላ መጽሐፍ ጽፎ አይደለም፣ አብዛኛው ድንጋጤ ነው ሲል ተከራከረ። ሁለቱም የሚከፍላቸው ሰው ነበር፤ አንዱ ለከሳሽ፣ አንዱ ለተከሳሽ። ይህን ልብ በሉልኝ። ከዚህ በኋላ የወገብ ህመም መጥቶ የሚሄድ ነገር መሆኑ ቀርቶ «የተሰበረ ነገር» ሆነ። የተሰበረ ነገር ደግሞ ማስረጃ ይፈልጋል።

ማስረጃው በ1895 መጣ። ዊልሄልም ሮንትገን በኅዳር ወር ኤክስሬይን አገኘ፣ በታኅሣሥ የሚስቱን እጅ ከነቀለበቷ አነሳ። ሰው በሕይወት እያለ አጥንቱ ታየ። እኛ «ራጅ» የምንለው ይኸው ነው። የጀርባ አጥንት መነሳት ሲጀምር ሐኪሞች ጠማማ ነገር ፈለጉ፣ አገኙም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጥፋተኛው በቦስተኑ ጆኤል ጎልድትዌይት መሪነት የዳሌው መገጣጠሚያ ነበር። ከዚያ በ1934 እዚያው ቦስተን ዊልያም ሚክስተርና ጆሴፍ ባር በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ 19 በሽተኞችን ይዘው ወጡ። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ልስልስ ትራስ ተቀዶ ነርቭ ሊጫን ይችላል አሉ። ከዚያ በፊት «ዕጢ ነው» ተብሎ የወጣው ሥጋ ብዙ ጊዜ የዲስክ ቁራጭ እንደነበረም አሳዩ።

እውነታቸውን ነው። እግር ድረስ የሚወርድ፣ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ህመም ላለበት ሰው ትልቅ ግኝት ነበር፤ አሁንም ነው። ችግሩ የተከተለው ነው። ከዚያ ወዲያ ወገቡን ያመመው ሁሉ «ዲስክ» ሆነ። ስኮትላንዳዊው የአጥንት ቀዶ ሐኪም ጎርደን ዋዴል ዕድሜውን በዚህ ላይ ሲሠራ ኖሮ፣ በ1987 ለሙያ ጓደኞቹ የወገብ ህመምን እንደ ስብራት ማከማችን ራሱ አካል ጉዳተኞችን እያበዛ ነው ብሎ ጻፈ። የእኔ ሐኪም ይህን ቢያነብ ኖሮ ብዬ ስንቴ ተመኝቻለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ማሽኑ የሚያየው ነገር ህመሙ ነው ወይ?

ይህን ለማወቅ አንድ ተንኮለኛ ሐሳብ ያስፈልጋል፤ ወገቡን የማያመውን ሰው ማንሳት። በ1968 ሂትሰልበርገርና ዊትን ለሌላ ጉዳይ፣ ለጆሮ ነርቭ ዕጢ ምርመራ፣ ጀርባቸው ውስጥ ቀለም ተወግተው የተነሱ 300 ሰዎችን ፎቶ አዩ። የወገብ ህመም የላቸውም፤ ግን ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ፎቷቸው ላይ «ችግር» ነበረባቸው። ከዚያ ኤምአርአይ መጣ። በ1990 ስኮት ቦደንና ባልደረቦቹ ወገባቸውን አሟቸው የማያውቅ 67 ሰዎችን አነሱ። ከ60 ዓመት በታች ካሉት ከአምስቱ አንዱ ዲስኩ ወጥቷል። ከ60 በላይ ካሉት ከግማሽ በላይ ፎቶው «በሽተኛ» ነው። በ1994 በካሊፎርኒያ ሞሪን ጀንሰንና ባልደረቦቿ 98 ጤነኞች አነሱ፤ ሁሉም ዲስኮቹ ደህና የሆኑለት 36 በመቶው ብቻ ነው። በ2015 ደግሞ ከ33 ጥናቶች የ3,110 ጤነኞች ፎቶ ተሰብስቦ ታየ። በ20 ዓመት ዕድሜ 37 በመቶው፣ በ80 ዓመት 96 በመቶው የዲስክ መድረቅ አለበት። ህመም የሌለባቸው ናቸው፣ አትርሱ።

ይህን ያነበብኩ ቀን ቁጭ ብዬ ሳቅኩ፣ ከዚያ ተናደድኩ። ሽበት በፎቶ ተነስቶ «ፀጉርህ ታሟል» ብባል ኖሮ እስቅ ነበር። ውስጤ ያለውን ሽበት ሲያሳዩኝ ግን አመንኩ፣ የወንድሜንም ሳጥን ሳልሸከም ቀረሁ።

ፎቶው ባይጠቅም እንኳ አይጎዳም የሚል ካለ፣ በ2001 ኖቲንግሃም ውስጥ የተሠራውን ይመልከት። 421 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሹ የወገብ ራጅ ተነሳ፣ ግማሹ አልተነሳም። ከሦስት ወር በኋላ የበለጠ የሚያማቸው ራጅ የተነሱት ሆነው ተገኙ። የሚገርመው ቆይቶ ሲጠየቁ በሕክምናው የበለጠ የተደሰቱትም እነሱ ናቸው! እኛ ሰዎች እንዲህ ነን። ደረሰኝና ፊልም ይዘን ካልወጣን የታከምን አይመስለንም። ሐኪሙም ይህን ያውቃል፤ ካላዘዘ «ምንም አያውቅም» ተብሎ እንደሚታማ ያውቃል። በ2009 ሮጀር ቹና ባልደረቦቹ ስድስት እንዲህ ያሉ ሙከራዎችን፣ ከ1,800 በላይ በሽተኞችን፣ አንድ ላይ አዩ። ከባድ በሽታ የሚያጠራጥር ምልክት የሌለበትን ሰው ቸኩሎ ማንሳት ህመሙንም ሆነ እንቅስቃሴውን አላሻሻለም።

መድኃኒቱስ? የመድኃኒት ታሪክ ደግሞ የስህተት ታሪክ ነው። በ1886 ስትራስቡርግ ውስጥ ካንና ሄፕ የሚባሉ ሁለት ወጣት ሐኪሞች ለሆድ ትል ናፍታሊን አዘዙ። ከፋርማሲው በስህተት አሴታኒላይድ የሚባል ሌላ ነገር ተሰጣቸው፤ ትሉን ትቶ ትኩሳት አወረደ። ከዚያ ዘር ፓራሲታሞል ወጣ። ብዙ ዓመት ተረስቶ ቆይቶ በ1948 ኒውዮርክ ውስጥ ብሮዲና አክስልሮድ አስታወሱት፣ በ1950ዎቹ ገበያ ገባ። ከዚያ በየአገሩ ለወገብ ህመም የመጀመሪያው ኪኒን ፓራሲታሞል ነው ተባለ። ለወገብ ይሠራል ወይ ብሎ በደንብ የጠየቀ ግን አልነበረም። የተጠየቀው በሲድኒ ነው፣ ውጤቱም በ2014 ወጣ። ድንገተኛ የወገብ ህመም ያለባቸው 1,652 ሰዎች በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን በሰዓቱ ዋጠ፣ አንዱ ሲያመው ብቻ ዋጠ፣ አንዱ መድኃኒት የሌለበት የማስመሰያ ኪኒን ዋጠ። እስኪሻላቸው የፈጀው ጊዜ መካከለኛው 17 ቀን፣ 17 ቀን፣ 16 ቀን። ያለመድኃኒቱ 16ቱ ነው!

እዚህ ጋ ነው የእኔ መርፌ የተገለጠልኝ። ወሩን ሙሉ ያመሰገንኩት መርፌ ምናልባት ራሱ ሊድን የነበረን ወገብ ነው ያገኘው። መርፌ የሚወጋው ህመሙ ጣሪያ ሲነካ ነው፤ ከጣሪያ በኋላ ያለው ደግሞ መውረድ ነው።

ለዲክሎፌናክና ለአይቡፕሮፌን ወገኖች ግን ፍትሐዊ ልሁን። ከማስመሰያው ይሻላሉ። ምን ያህል? ህመሙን ከ100 ብትለኩት ልዩነቱ በአማካይ 7 ነጥብ ገደማ ነው። ለጥቂት ቀን ጨጓራና ኩላሊት ደህና ለሆነ ሰው፣ ሐኪም አውቆት፣ ምግብ በልቶ የሚወሰድ ከሆነ ያቺም ትንሽ ነገር አይደለችም። እንደ እኔ ለዓመታት እንደ ቆሎ የሚቃም ከሆነ ግን 7 ነጥብ ለማትረፍ ጨጓራን ማስያዝ ነው። ኩላሊትንም ያያል፤ ሕንድና ፓኪስታን ውስጥ ዲክሎፌናክ የተሰጠው ከብት ሲሞት ሥጋውን የበሉ ጥንብ አንሳዎች ኩላሊታቸው እየተበላሸ በገፍ አልቀዋል።

ሌሎቹን በአጭሩ። ነርቭ ነው ተብሎ የሚታዘዘው ፕሪጋባሊን በ2017 እግር ድረስ ለሚወርድ ህመም ተሞክሮ ከማስመሰያው አልበለጠም፤ ማዞሩ ግን በልጧል። ከኦፒየም ወገን የሆኑት ጠንካራ ማስታገሻዎችስ? በ2018 በአሜሪካ የጦር ጉዳተኞች ሆስፒታሎች ከርሞ በቆየ የወገብና የመገጣጠሚያ ህመም ላይ ለአንድ ዓመት ተሞከሩ፤ ከተራዎቹ አልበለጡም። በ2023 ከሲድኒ በወጣው ሙከራ ደግሞ ለድንገተኛ የወገብና የአንገት ህመም ኦክሲኮዶን ያለበት መድኃኒት ከማስመሰያው አልተሻለም። በዚህ መካከል አሜሪካ ስንት ሰው በሱስ እንዳጣች ታውቃላችሁ። እኛ ሰፈር ትራማዶል ያለ ማዘዣ ሲሸጥ ሳይ የማስበው ይህን ነው፤ እሱም የዚያው ቤተሰብ ነው።

ተኝቶ ማረፍስ? እናቶቻችን «ተኛ» ይሉናል፤ ሐኪሞችም ሁለት ሳምንት አልጋ ያዙ ነበር። በ1986 ሪቻርድ ዴዮ ሁለት ቀን ያረፉትን ሰባት ቀን ካረፉት ጋር አወዳደረ፤ ሁለት ቀን ያረፉት ቶሎ ሥራ ከመመለሳቸው ሌላ ልዩነት የለም። በ1995 ከሄልሲንኪ የወጣው ይብሳል፤ ከተኙትም ልዩ ስፖርት ከታዘዘላቸውም ይልቅ የቻሉትን ያህል የዕለት ሥራቸውን የቀጠሉት ቀድመው ተሻላቸው። በ1997 ደግሞ የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት በቴሌቪዥን «ወገብህን ካመመህ ተንቀሳቀስ፣ አትተኛ» የሚል ማስታወቂያ ለቀቀች። ጎረቤቷ ኒው ሳውዝ ዌልስ አልለቀቀችም። በቪክቶሪያ የሐኪሞችና የሕዝቡ አመለካከት ተለወጠ፣ በወገብ ህመም የሚቀርብ የካሳ ጥያቄም ቀነሰ። ማስታወቂያ ነው እኮ! ኪኒን ያላደረገውን ወሬ አደረገው። የእኔንም ወገብ ስድስት ዓመት ያሰረው ወሬ ነው።

እዚህ ላይ ብጨርስ ደስ ባለኝ። ግን ጎረቤቴን ሳልጠቅስ ብጨርስ ኃጢአት ይሆንብኛል።

ጎረቤቴ የእህል መጋዘን ተሸካሚ ነበር። ወገቡን አመመው፤ ተሸካሚ አይደል፣ ማን ይገረማል? ከመድኃኒት ቤት ዲክሎፌናክ እየገዛ፣ እየተወጋም ወራት ቆየ። እኔ ደግሞ ያኔ እነዚህን ጥናቶች አዲስ ያነበብኩ ሰሞን ነኝና «አይዞህ፣ ተንቀሳቀስ፣ ፎቶ አያስፈልግህም» አልኩት። ሊቅ ሆኜ! ሌሊት ሌሊት እንደሚያልበው፣ ሱሪው እየሰፋው እንደሆነ አልጠየቅኩትም። አንድ ጠዋት እግሩ አልታዘዝ አለው። የአከርካሪ አጥንት ቲቢ ነበር። ፐርሲቫል ፖት ለንደን ውስጥ በ1779 የጻፈለት፣ ሮበርት ኮክ በ1882 ተህዋሱን ያገኘለት፣ መድኃኒት ያለው በሽታ። ኤምአርአዩ ነው ያዳነው። ወራት መድኃኒቱን ወስዶ ዛሬ በዱላ ይሄዳል። ሲያገኘኝ ሰላምታው እንደድሮው ነው። እኔ ነኝ ዓይኑን ማየት የሚያቅተኝ።

እንግዲህ ቲቢ ባለበት፣ ጥሬ ወተት ጠጥቶ ብሩሴሎሲስ የሚይዝ ሰው ባለበት በእኛ አገር፣ የፈረንጁን ጥናት እንዳለ ገልብጦ «ምርመራ አያስፈልግም» ማለት እንደ እኔ ያለ የግማሽ ንባብ ጉዳት ነው። ጥናቶቹም እንዲያ አላሉም። ሁሉም የሠሩት መጀመሪያ ጠይቀው፣ ዳስሰው፣ አደገኛ ምልክት ያለበትን ለይተው ካወጡ በኋላ ነው። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ከዚህ በፊት የታወቀ ካንሰር፣ ከባድ አወዳደቅ፣ እየባሰ የሚሄድ የእግር መስነፍ ካለ ምርመራ የግድ ነው። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ያቃተው፣ ሽንት አልወጣ ያለው፣ ወይም ኮርቻ ላይ ሲቀመጡ የሚነካው ቦታ የደነዘዘው ሰው ደግሞ ነገ ሳይሆን ዛሬውኑ፣ አሁኑኑ ሆስፒታል ይሂድ።

ፓፒረሱ ላይ ያለው ሐኪም መጀመሪያ ምን አደረገ? እግርህን ዘርጋ አለው። ዘርግቶ ሲያጥፍ አየው። የእኔ ሐኪም ይህን አላደረገም፤ እኔም ለጎረቤቴ አላደረግኩም። ሁለታችንም መልሱን ከወረቀት ነው ያነበብነው።

ለተማሪዬ ያን ማታ ደወልኩለት። እያንዳንዱን ጠየቅኩት። ላብ የለም፣ አልከሳም፣ ሽንቱ ደህና ነው፣ እግሩ አልሰነፈም። አዋሽ ላይ ጎማ ቀይሮ በማግስቱ ነው የጀመረው፣ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። «ሐኪሙ ሲያይህ እግርህን አነሳው? በተረከዝህ አስኬደህ?» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «ቲቸር፣ ኧረ ከወንበሩም አልተነሳ» አለኝ። ፍርዱ የእኔ እንዳልሆነ ነግሬ፣ በእጇ ዳስሳ ወደምታይ ወደዚያችው አራሚዬ ላክሁት። ሐሙስ ቀጠሮ አለው። መኪናዋን እስከዚያ እንዳትሸጣት ብዬዋለሁ። ደላላው ግን ትናንትም ደውሎለታል።